የፕሬዚዳንቱን አውሮፕላን ማን ይጠግነዋል?

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ኳታር ለአሜሪካ መንግሥት ስለሰጠችው ቦይንግ 747 ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ጡረታ ላይ ያለን ሰዎች ቡና ይዘን ስንከራከርበት ሰነበትን። ጸሐፊያችሁ ስለ መኝታ ቤቱ ነገረን። ስለ ሶፋው ነገረን። 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመትም ጽፏል። ሁሉም መልካም። ግን አውሮፕላኑን የሚያበርረውና የሚጠግነው ሰው አንድ መስመር እንኳ አልደረሰውም። እኔ ዕድሜዬን ሃንጋር ውስጥ የፈጀሁ ሜካኒክ ነኝ፤ መጀመሪያ ቦሌ፣ ኋላም እዚህ ስደት ላይ። ቢቆጨኝ አትፍረዱብኝ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የመሪ አውሮፕላን የሚባል ነገር ከፋብሪካ አይወጣም። ከፋብሪካ የሚወጣው አውሮፕላን ብቻ ነው። የመሪ አውሮፕላን የሚያደርጉት ሰዎቹ ናቸው፤ ፓይለቱ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ ሜካኒኩ፣ አስተናጋጁ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ላይ የሚቆመው ጥበቃ። አሜሪካኖቹ ይህን ክፍል ከ1948 ጀምሮ ሲገነቡት ኖረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም እንደናገራለን።)

ክፍሉ ዛሬ 89ኛው የአየር ማጓጓዣ ዊንግ ይባላል። ያለው አንድሩስ የጦር ሰፈር ነው፤ ከቤቴ ብዙም አይርቅም። ሰማዩ ጥርት ሲል ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት አውሮፕላኖቻቸው ሲለማመዱ አያለሁ። ጎማቸው መንደርደሪያውን ይነካና መልሰው ይነሣሉ። ዞረው ይመጣሉ። ደግመው ይነሣሉ። ባለቤቴ «አሁንስ አልሰለቸህም?» ትለኛለች። አይሰለቸኝም። ፕሬዚዳንቱን ብቻ የሚያጓጉዙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱን፣ ሚኒስትሮችን፣ የኮንግረስ አባላትን፣ ጄኔራሎችንም ይዘው የሚዞሩት እነሱ ናቸው። የትኛውም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ዋና ከተማ ረግጦ ሲመለስ በቴሌቪዥን ስታዩ፣ ከኋላው ያለው ይህ ክፍል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስጋት ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በጃንዋሪ 1943 ቸርችልን ለማግኘት ካዛብላንካ ሲሄዱ የተሳፈሩት የፓን አሜሪካንን የባሕር ላይ አውሮፕላን ነበር። በሥልጣን ላይ ሆኖ በአውሮፕላን የተጓዘ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሳቸው ናቸው። ጊዜው ጦርነት ነው፤ አውሮፕላኑ የንግድ ነው። ሠራዊቱ ይህ ነገር አላማረውም። ሲ-87 የሚባል የቦምብ ጣይ ዘር የሆነ የጭነት አውሮፕላን ወስዶ ለፕሬዚዳንቱ አዘጋጀው። የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች፣ ሲክሬት ሰርቪሶቹ፣ መዝገቡን አገላበጡ። ሲ-87 አደጋ ያበዛል። በእሳትም ይታማል። «ፕሬዚዳንቱ በዚህ አይሳፈሩም» አሉ። ታዲያ አውሮፕላኑን ምን አደረጉት? ባለቤታቸው ኤሊኖር ሩዝቬልት በ1944 ላቲን አሜሪካን ዞሩበት። ለባል የማይሆነው ለሚስት ሆነ ማለት ነው። ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት የሰጠችኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

ቀጥሎ የመጣው ባለ አራት ሞተሩ ሲ-54 ነው። ጋዜጠኞች «ቅዱሷ ላም» ብለው ስም አወጡላት። እንደ ሜካኒክ ከሁሉም የምወድላት ሊፍቷን ነው። ሩዝቬልት በፖሊዮ ምክንያት መራመድ አይችሉም ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ለማሳፈር ረጅም መወጣጫ መደርደር ያስፈልጋል። መወጣጫው በተደረደረ ቁጥር ደግሞ «ፕሬዚዳንቱ እየመጡ ነው» ብሎ መለፈፍ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚወርድ ትንሽ ሊፍት ገጠሙላት። ምስጢርም ተጠበቀ፣ ሰውዬውም በክብር ተሳፈሩ። ይህን ያሰበ ቴክኒሻን ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

ሩዝቬልት በዚህች አውሮፕላን የሄዱት አንድ ጉዞ ብቻ ነው። እሱም በፌብሩዋሪ 1945 ወደ ያልታው ስብሰባ ያደረጉት ጉዞ ነው። ከማልታ ወደ ክራይሚያ በረሩ። ስብሰባው ሲያልቅ እዚያው አውሮፕላን ላይ ሆነው ወደ ግብፅ መጡ፤ ኩዊንሲ የተባለችው የጦር መርከብ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። እዚያች መርከብ ላይ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ያነጋገሩት ማንን መሰላችሁ? ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በአየር መጥተው ነው የደረሱት። በማግስቱ ደግሞ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ መጡ። ሩዝቬልት ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ መንግሥታችን ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር ተዋውሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድን መሠረተ። እኔ የእንጀራ ልጁ አይደለሁም፣ የወለደኝ ያህል ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም።

ትሩማንም በዚያችው ላም ሠሩባት። ጁላይ 26 ቀን 1947 የአሜሪካን አየር ኃይል ራሱን የቻለ ጦር ያደረገውን ሕግ የፈረሙት ቢሯቸው ውስጥ አይደለም። እናታቸው ሚዙሪ ውስጥ ሊሞቱ እያጣጣሩ ነበር። እሳቸው ለመብረር ተዘጋጅተው ሕጉ እስኪደርስላቸው አውሮፕላኗ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ደረሰ፣ ፈረሙ፣ ተነሡ። እናታቸውን ግን በሕይወት አላገኟቸውም።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራው ቤት ያገኘው። ኦክቶበር 1 ቀን 1948 በዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት 1254ኛው የአየር ማጓጓዣ ስኳድሮን ተቋቋመ። በ1961 ወደ አንድሩስ ተዛወረ። በ1966 ደግሞ 89 የሚለውን ቁጥር ያዘ። መካከሉን በፍጥነት ልለፈው፤ አደረጃጀት ለጸሐፊም ለአንባቢም አይጥምም። አንድ ነገር ብቻ። በአይዘንሃወር ዘመን የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን የሬዲዮ መጠሪያ 8610 ነበር። አንድ ቀን ቁጥሩ 8610 የሆነ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን እዚያው ሰማይ ላይ ተገኘ። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ቢያምታታ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቡት። «ኤር ፎርስ ዋን» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህ ድንጋጤ ነው። ፕሬዚዳንቱ የተሳፈሩበት የአየር ኃይሉ አውሮፕላን ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በዚህ ስም ይጠራል። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ስሙም ይወርዳል።

አሁን ወደ ዳላስ ልውሰዳችሁ። ኬኔዲ በኦክቶበር 1962 አዲስ ቦይንግ 707 ደረሳቸው። የጅራት ቁጥሩ 26000 ነው። ዛሬም ድረስ የምናውቀውን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የነደፈው ሬይመንድ ሎዊ ነው፤ ኬኔዲና ባለቤታቸውም እጃቸውን አስገብተውበታል። ዓመት ከወር ገደማ ሲሆነው ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንቱ ተገደሉ። የዚያን ቀን የሠራተኞቹን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። አስከሬኑ እየመጣ ነው ተባለ። የት ይቀመጥ? ጭነት ክፍል ውስጥ እንደ ሻንጣ? «በፍጹም» አሉ። ከኋላ በኩል ወንበሮቹን ነቀሉ። የሬሳ ሳጥኑ እንዲታጠፍ መከፋፈያውን ግድግዳ በመጋዝ ቆረጡት። ያንን አውሮፕላን ጠዋትና ማታ በጨርቅ ሲያሹት የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት ጭረት ብትገኝበት እንቅልፍ የማይወስዳቸው። በመጋዝ ቆረጡት።

ሊንደን ጆንሰን ቃለ መሐላ የፈጸሙት እዚያው ውስጥ ነው። ዳኛዋ ሣራ ሂውዝ ነበሩ። አየር ማቀዝቀዣው አይሠራም፤ ሰው ተፋፍጎ ላብ በላብ ሆኗል። የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ኮሎኔል ጄምስ ስዊንዳል ሁለቱንም፣ አዲሱንም ሟቹንም ፕሬዚዳንት፣ ይዘው አንድሩስ ገቡ።

ከሦስት ቀን በኋላ የቀብሩ ዕለት ጃንሆይ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጎን ሆነው በእግር ተጉዘዋል። አርሊንግተን መቃብሩ ዳር ከቆሙት አንዱ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት በኦክቶበር መጀመሪያ ኬኔዲ ራሳቸው ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ወርደው ተቀብለዋቸው ነበር። በመጨረሻ ተዋጊ ጄቶች አለፉ፤ ከነሱ ኋላ ደግሞ 26000 ብቻዋን ዝቅ ብላ መጣች። ስዊንዳል ክንፏን ወደ አንድ ወገን ዘንበል፣ ወደ ሌላ ወገን ዘንበል አድርገው ተሰናበቱ። የ707ን ክብደት የሚያውቅ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ያንን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የጽሑፋችሁ ሰው «የትራምፕ አውሮፕላን»፣ «የኦባማ አውሮፕላን» እያለ ይጽፋል። ኒክሰንን ይጠይቅልኝ። ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀው ከአንድሩስ ወደ ካሊፎርኒያ ተነሡ። ሲነሡ ኤር ፎርስ ዋን ናቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ሚዙሪ ሰማይ ላይ ነበሩ። ዋሽንግተን ውስጥ ፎርድ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ፓይለቱ ኮሎኔል ራልፍ አልበርታዚ ሬዲዮውን አነሡና ለተቆጣጣሪው መጠሪያቸው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳም 27000 (ሳም ማለት ልዩ የአየር ተልእኮ ነው፤ ቁጥሩ የጅራቱ ነው) መሆኑን ነገሩት። በቃ። ነዳጁ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ፓይለቱም ያው። ተሳፋሪው ግን ተራ ሰው ሆነ። ማንም አልጮኸም። ማንም አልተኮሰም። ሥራቸውን ቀጠሉ።

እኔ ያደግሁበት አገር ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ መሪዎች በአብዛኛው ውጭ የሚወጡት በአየር መንገዱ ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ ምክንያት አለ፤ አየር መንገዱ ጎበዝ መሆኑ አንዱ ነው። ግን ደግሞ ሜይ 16 ቀን 1989ን አስታውሱ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ። ሰዓታት ሳይቆይ ጄኔራሎቹ ተነሡባቸው። ከተነሡት መካከል የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ነበሩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። መሪን የሚያጓጉዝ የጦር ክፍል የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው ለማለት ያህል ነው። መተማመን ደግሞ በስጦታ አይመጣም።

89ኛው የተሸከመው ሰው ዓይነት ያስገርማል። አንዋር ሳዳት በ1981 ሲገደሉ ሬገን ለደኅንነት ሲባል ቀሩ። ኒክሰን፣ ፎርድና ካርተር ሦስቱም በ26000 አብረው ካይሮ ሄዱ። አንዱ ሌላውን በምርጫ የጣለ፣ አንዱ ሌላውን ምሕረት ያደረገ ሰዎች ናቸው። ያንን ቀን ቡና ያቀረበው አስተናጋጅ ምን እንደሰማ ባውቅ ደስ ይለኛል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ቴህራን ታግተው የነበሩትን 52 አሜሪካውያን ከጀርመን ወደ አገራቸው ያመጣው የዚሁ ክፍል 707 ነው። ጆንሰን በሞቱ ጊዜም አስከሬናቸውን የተሸከመችው ቃለ መሐላ የፈጸሙባት 26000 ነች።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥራው አደጋ አያውቀውም ማለት አይደለም። ኤፕሪል 3 ቀን 1996 የንግድ ሚኒስትሩን ሮን ብራውንን የያዘ የአየር ኃይሉ ቦይንግ 737 ክሮኤሺያ ውስጥ ዱብሮቭኒክ አጠገብ ተራራ ላይ ወደቀ። 35 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ የ89ኛው አልነበረም፤ ጀርመን ራምሽታይን ያለው ክፍል ነው። ለማረፍ የተከተሉት መስመር ሁለት የሬዲዮ አቅጣጫ መቀበያ ይፈልግ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ የነበረው አንድ ነው። የመስመሩ አነዳደፍ ራሱ ስህተት እንደነበረበትም ምርመራው አሳይቷል። ሰዓቱ ሄዷል፣ ዝናብና ደመና አለ፣ ሚኒስትር ይዘሃል። እዚያ ላይ «አላርፍም» የሚል አለቃና ሥርዓት ካልኖረ ሶፋው ቆዳም ሆነ ወርቅ አያድንም።

አሁን ወደ ኳታሩ ልምጣ። ዛሬ የሚያገለግሉት ሁለቱ 747ዎች የገቡት በ1990 ነው፤ መጀመሪያ የተሳፈሩት አባትየው ቡሽ ናቸው። የጅራት ቁጥራቸው 28000 እና 29000 ነው። ሁለት የሆኑት ለጌጥ አይደለም። አንዱ ሃንጋር ገብቶ ሲፈታታ አንዱ መኖር አለበት። ደረጃቸውን ራሳቸው ይዘው ይዞራሉ፣ አየር ላይ ነዳጅ ይቀበላሉ። ውስጣቸው ያለው ሽቦ 238 ማይል ነው፤ ዘርጉት ብትሉ ከአዲስ አበባ ጅማ ደርሶ ይተርፋል። የኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ማዕበል እንዳያቃጥለው ተሸፍኗል። በሬገን ጊዜ የታዘዙት አውሮፕላኖች ለሬገን ያልደረሱት በዚህ ሽቦ ምክንያት ነው።

አዲሶቹስ? ቦይንግ በ2018 በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ። አውሮፕላኖቹ ሁለት 747-8 ናቸው፤ ትራንስኤሮ ለሚባል የሩሲያ አየር መንገድ ተሠርተው ኩባንያው ስለከሰረ ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ቆመው የነበሩ። በ2024 ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። አልደረሱም። ከምክንያቶቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ያው ሽቦ። የኳታሩን ፔንታጎን የተረከበው በሜይ 2025 ነው፤ «እስኪደርሱ በዚህ እንሥራ» ነው ነገሩ። እኔ ስለ ፖለቲካው አልናገርም። ስለ ሕጉም የሚከራከሩ ጠበቆች አሉ። እኔ የሚታየኝ የሜካኒኩ ጭንቀት ነው። ሌላ ሰው የዘረጋውን ሽቦ ማመን አትችልም። ፓነሉን ሁሉ ታነሣለህ፣ ከየግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ታያለህ፣ ድብቅ መስሚያ ትፈልጋለህ። ከዚያ መልሰህ ትገጥማለህ። አውሮፕላን የፈታ ሰው ያውቃል፤ መልሶ መግጠሙ ነው ሥራ። በነጻ የመጣ ነገር እዚያ ላይ ነጻነቱ ያልቃል።

ጥንቃቄያቸው እስከ ሽንኩርት ይደርሳል። የፕሬዚዳንቱን ምግብ የሚያበስሉት አስተናጋጆች ገበያ የሚወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሲቪል ለብሰው፣ እንደማንም ሸማች። ለማን እንደሆነ ሻጩ አያውቅም። ምናልባት እዚህ ሰፈር ወረፋ ላይ ከአንዳቸው ኋላ ቆሜ ይሆናል።

ኦባማ ጁላይ 26 ቀን 2015 ቦሌ ሲያርፉ እህቴ ደውላ «መንገድ ዘግተውብን ቤታችን መግባት አቃተን» ብላ አማረረች። በሥልጣን ላይ እያለ ኢትዮጵያን የረገጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ የሷ ጭንቀት ግን ታክሲ ነበር። እኔ የጠየቅኳት ስለ ጎማው ነው። «አቀማመጡ እንዴት ነበር? ለስላሳ ነበር?» ዘጋችብኝ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛው፣ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የ747 አይደለም። ሞተሩን ቁጠሩ፤ ሁለት ነው። ያ ሲ-32 የሚባለው ቦይንግ 757 ነው። 89ኛው ከ1998 ጀምሮ የሚጠቀምባቸው ሲሆን ብዙ ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይሄዱበታል። ፕሬዚዳንቱም አጭር መንደርደሪያ ሲያጋጥማቸው ይሳፈሩበታል። በሚቀጥለው እትም አርሙልን።

ሁለተኛው ለአንባቢዎቻችሁ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ኮለምበስ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ዴይተን ከእናንተ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የአየር ኃይሉ ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። «ቅዱሷ ላም» ከነሊፍቷ እዚያ ቆማለች። 26000ም እዚያ ናት፤ ውስጧ ገብቶ ማለፍ ይቻላል። መተላለፊያው በጣም ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ካፖርት መኪና ውስጥ ተዉት። ወደ ኋላ ስትደርሱ በስተግራ በስተቀኝ አትቸኩሉ፤ የተቆረጠውን ግድግዳ ፈልጉ። 27000ን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሲሚ ቫሊ ሬገን ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፤ እዚያ ግን ያስከፍላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛው ሜካኒክ፣ ከሜሪላንድ